ልዩብልያና ላይ ሁለት ሦስት ቀን፦ የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው?

የስሎቬኒያ ዋና ከተማ ልዩብልያና ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ከቪየናም ሆነ ከሙኒክ፣ ከቬኒስም ሆነ ከትሪየስቴ በአውቶቡስ ይደረስባታል፤ አውሮፓ የሚኖር ሐበሻ ረዘም ያለ የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ብቅ ሊልባት የሚችል ቦታ ናት። መሀል ከተማው ከ2007 ጀምሮ ለመኪና እየተዘጋ ስለመጣ እዚያ ሁሉም ነገር በእግር ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሽ መሆኗ ጎብኚውን ያሳስተዋል። «በአንድ ቀን ተዳርሶ ያልቃል» ብሎ የመጣ ሰው ከአንዱ ትኬት መሸጫ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውልና ከተማዋን ሳያጣጥማት ይመለሳል። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ልዩብልያና ላይ ምርጥ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገንዘብ የሚያስወጣው ደግሞ ሁልጊዜ የተከፈለበትን ያህል አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ስሜት የሚሰጡትን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የትኛው ለማን እንደሚሻል ልንገራችሁ።

ከተማዋን ከላይ ለማየት፦ ግንቡ፣ ፎቁ ወይስ ተራራው?

አሮጌው ግንብ ከከተማው መሀል ድንገት በሚነሳ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ጎብኚ ሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ወደ ግንቡ ግቢ መግባት ነጻ መሆኑን ነው። የሚከፈለው ለማማው፣ ለኤግዚቢሽኖቹና በ2006 መጨረሻ ሥራ ለጀመረው ኮረብታውን በሐዲድ ለሚወጣው ጋሪ ነው። ጋሪው አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው። በእግር ከሆነ ደግሞ ከገበያው አጠገብ የሚነሳው ሽቱደንቶቭስካ የሚባለው ዛፍ ያጠለለው አቀበት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ወይም ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ጋሪውን ያዙ፤ ጤነኛ እግር ላለው ግን መንገዱ ራሱ መዝናኛ ነው። ማማውንስ? ሰማዩ ጥርት ብሎ በሰሜን በኩል የካምኒክ አልፕስ በረዶ የሚታይ ከሆነ ውጡ። ካልሆነ ከግቢው አጥር ዳር የሚታየው ይበቃል። ግንቡ ለረጅም ዘመን እስር ቤት ነበር፤ ከተማዋ በ1905 ገዝታ የራሷ አደረገችው፤ ከዚያ በኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ታላቁ የስሎቬን ደራሲ ኢቫን ጻንካር ታስሮበታል።

ግንቡ አንድ ጉድለት አለው፦ እላዩ ላይ ቆማችሁ ግንቡን ማየት አትችሉም። የልዩብልያና መልክ ደግሞ ያ ግንብ ነው። ለዚህ ነው «ኔቦቲችኒክ» የሚባለውን ፎቅ የማስቀድመው። በ1933 የተመረቀ ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ ነው፤ በጊዜው ባልካን ላይ ወደር አልነበረውም። አናቱ ላይ ካፌ አለ፤ የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ የምትከፍሉት ለጠጣችሁት ብቻ ነው። ማኪያቶ ስትሉ ያለምንም ማብራሪያ ይመጣላችኋል፤ ጣሊያን ጎረቤታቸው ስለሆነ የቡናው ነገር ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ብትወጡ ግንቡ ከፊት ለፊታችሁ ብርቱካንማ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ተራሮቹ ሰማያዊ ሲሆኑ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ምርጫ ሽማርና ጎራ ነው፤ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ያለ 669 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ። በከተማ አውቶቡስ እግሩ ሥር ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቅዳሜና እሁድ የከተማው ሰው ከነልጁ፣ ከነውሻው ይወጣዋል። አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሻይ የሚጠጣበት ቤትና ተመኝቶ የሚደወል ደወል አለ። ይህን ተራራ ከሌሎቹ የሚለየው ጭጋጉ ነው። ልዩብልያና በተራራ የተከበበ ጎድጓዳ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጠዋቶች ቀዝቃዛ አየር እታች ይታጠርና ጭጋግ ይተኛባታል። ያን ቀን ግንቡ ላይ ብትወጡ ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት። ሽማርና ጎራ ግን ብዙ ጊዜ ከጭጋጉ በላይ ይወጣል፤ እታች ጃኬታችሁን ጠቅልላችሁ ጀምራችሁ እላይ ስትደርሱ ፀሐይ ላይ ትቀመጣላችሁ። በበጋ ለሁለት ቀን የመጣ ሰው ሊተወው ይችላል። በክረምት ለመጣ ሰው ግን ከሦስቱ የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት።

ወንዙ፦ በጀልባ፣ በብስክሌት ወይስ በእግር?

የልዩብልያኒጻ ወንዝ ጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ያንሸራሽራል፣ ዋጋው ከአሥር ዩሮ በላይ ነው። ድልድዮቹን ከሥራቸው ማየት ደስ ይላል፤ ሕፃን ይዞ ለደከመው ወላጅ ወይም መራመድ ለማይችል ሽማግሌ ጥሩ ነው። ለሌላው ሰው ግን ይህንኑ መንገድ በእግር ማየት ይበልጣል። በ1901 ከተሠራው የዘንዶ ድልድይ ጀምሩና ወንዙን ወደ ላይ ተከተሉት። ገበያውን፣ ሦስቱን ተጎራባች ድልድዮች፣ የጫማ ሠሪዎችን ድልድይ እያለፋችሁ ትርኖቮ ትደርሳላችሁ። የምታዩትን አብዛኛውን ያበጀው ዮዤ ፕሌችኒክ የተባለ አርክቴክት ነው፤ በ2021 ሥራዎቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተመዝግበዋል።

ትርኖቮ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ፕሌችኒክ እዚያ የወንዙን ዳር በሰፋፊ የድንጋይ ደረጃ አድርጎ እስከ ውኃው አውርዶታል፤ ከላይ ዛፎች ተደርድረዋል። ደረጃው ለመቀመጫ ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዱ መጽሐፍ ይዞ፣ ሌላዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌሎች ደግሞ ቢራቸውን ይዘው ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ውኃው አረንጓዴና ዝግ ያለ ስለሆነ ወደ የት እንደሚፈስ ለማወቅ በላዩ የሚሄድ ቅጠል መፈለግ አለባችሁ። እዚህ አንድ ሰዓት መቀመጥ የትኛውም ትኬት የማይሰጠው ነገር ነው።

ብስክሌት የሚሻለው ራቅ ማለት ለሚፈልግ ነው። ከተማዋ ቢሲኬል የሚባል የጋራ ብስክሌት አላት፤ በትንሽ ክፍያ ከተመዘገባችሁ በኋላ የእያንዳንዱ ጉዞ የመጀመሪያ ሰዓት ነጻ ነው። በየማቆሚያው እየመለሳችሁ ሌላ ካነሳችሁ ቀኑን ሙሉ ያለ ተጨማሪ ሂሳብ መንዳት ትችላላችሁ። መራመድ ለሚከብደው ሰው ደግሞ መሀል ከተማው ውስጥ «ካቫሊር» የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ መኪናዎች አሉ፤ እነሱም ነጻ ናቸው። አውቶቡስ ላይ ግን ሾፌሩ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበል አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

አረንጓዴ ቦታ፦ ቲቮሊ ወይስ የሽቦው መንገድ?

ቲቮሊን ማንም ይነግራችኋል። ከመሀል ከተማው ጋር የተያያዘ፣ በ1813 በፈረንሳዮች ዘመን የተነደፈ ሰፊ መናፈሻ ነው። መሀሉን በሚያቋርጠው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ትልልቅ ፎቶግራፎች ይሰቀላሉ፤ ከጀርባው ያለው የሮዥኒክ ኮረብታም ለቀላል የጫካ ሽርሽር ይሆናል። ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ወይም ልጆች ካሉ ቲቮሊ በቂ ነው።

ግማሽ ቀን ካላችሁ ግን ምርጫዬ «ፖት» ነው፤ የመታሰቢያና የጓዳዊነት መንገድ ይሉታል። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ ዛፍ የታጀበ የኮረት መንገድ ሆኖ ከተማዋን ዙሪያዋን ይከባታል። አሁን ሰዎች የሚሮጡበትና የሕፃን ጋሪ የሚገፉበት ሰላማዊ ቦታ ነው። መነሻው ግን እንዲህ ነው፦ የሙሶሊኒ ጦር በሚያዝያ 1941 ልዩብልያናን ያዘ። ነዋሪው በድብቅ ተደራጅቶ መታገል ሲጀምር፣ በከተማዋና በገጠሩ አርበኞች መካከል ያለውን ግንኙነት ለመቁረጥ በየካቲት 1942 ጣሊያኖች ዋና ከተማዋን በሙሉ በእሾህ ሽቦ አጠሯት፤ በየቦታውም ምሽግና ኬላ አቆሙ። ጣሊያን ከጦርነቱ ስትወጣ ጀርመኖች ተረከቡት። ሕዝቡ እስከ ግንቦት 1945 ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ በሽቦ ውስጥ ኖረ። የዛሬው መንገድ ያ ሽቦ የነበረበትን መስመር ተከትሎ የተሠራ ነው፤ በየመንገዱ ዳር የምታዩአቸው ባለ ስምንት ጎን ድንጋዮች ምሽጎቹ የነበሩበትን ቦታ ያሳያሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጣሊያኖች ልዩብልያና በገቡበት በዚያው ወር ነው አዲስ አበባን የለቀቁት። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዋና ከተማቸው ሲገቡ፣ ልዩብልያና ገና የመከራዋ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የልዩብልያና ሕዝብ በየዓመቱ በግንቦት መጀመሪያ ገደማ፣ ከኛ የአርበኞች ቀን ብዙም ሳይርቅ፣ አዛውንት ከተማሪ ተቀላቅሎ ይህን መንገድ በእግር ይዞራል። በዚያ ሰሞን መሄድ ከቻላችሁ ከጉብኝት ፕሮግራማችሁ ሌላውን ሁሉ ሰርዛችሁ ከሕዝቡ ጋር ተራመዱ። በሌላ ጊዜ ከሆነ ሙሉውን መዞር አያስፈልግም፤ በጎሎቬትስ ኮረብታ ጫካ የሚያልፈው ክፍል ብቻውን የግማሽ ቀን ደስታ ነው።

መብላት፦ ገበያው ወይስ የዓርቡ ምግብ?

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ዝናብ ካልጣለ፣ ዓርብ ዓርብ ከካቴድራሉ ጎን ባለው አደባባይ ላይ «ኦድፕርታ ኩህና» ይካሄዳል፤ የከተማው ምግብ ቤቶች ወጥተው እዚያው እያበሰሉ ይሸጣሉ። ከ2013 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ደስ የሚል ግርግር አለው፣ ከምግብ ቤት ይልቅ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዓይነት ትቀምሳላችሁ። ችግሩ ዓርብ መሆኑ ነው። ለሚጾም ሰው «ቬጋንስኮ» የሚል የተለጠፈበትን ድንኳን መፈለግ ይቀላል፤ አሳ ለሚበላም አማራጭ አይጠፋም። ለመጾም ቆርጦ ለመጣ ሰው ግን ከእሁድ በቀር በየቀኑ የሚከፈተው ማዕከላዊ ገበያ ይሻላል። ፕሌችኒክ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ዳር የሠራው ረጅም ባለ ዓምድ ሕንፃ ሥር አሳ ይሸጣል፤ ውጭ ደግሞ ገበሬዎቹ ጎመን በበርሜል ጎምዛዛ አድርገው፣ ማር፣ ፖም፣ ለውዝና ጥቁር ዳቦ ይዘው ይቀመጣሉ። ዳቦና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ትርኖቮ ደረጃ ላይ ብትበሉት ከማንኛውም ምሳ አያንስም።

ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ስመ ጥሩው የክራንስካ ቋሊማ የአሳማ ነው፤ «ዮታ» የሚባለው የባቄላና የጎመን ወጥ እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። የፈረስ ሥጋም በከተማዋ በርገር ሆኖ በግልጽ ይሸጣል፤ «ኮን» የሚል ነገር ሜኑ ላይ ካያችሁ እሱ ነው። አይብ የተጠቀለለበት «ሽትሩክሊ» ፍስክ ለሆነ ቀን አስተማማኝም ጣፋጭም ነው። ሐላል የሚፈልግ ሰው በ2020 ወደተከፈተው የእስልምና ባህል ማዕከል መሄድ ይችላል። ሙስሊሞቹ ጥያቄውን ካቀረቡበት ከ1969 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ታግሠው ያገኙት መስጊድ ነው፤ ሕንፃው ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው።

ሙዚየም፦ አንድ ብቻ ብትሉ

ብሔራዊ ሙዚየሙ ከዋሻ ድብ አጥንት የተሠራ፣ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው «ዋሽንት» አለው፤ በ1995 የተገኘ ሲሆን፣ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። የከተማው ሙዚየም ደግሞ ከከተማዋ ደቡብ ካለው ረግረግ የወጣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ጎማ ባለቤት ነው። ለሐበሻ ጎብኚ ግን የማስቀድመው የስሎቬን የብሔረሰቦች ሙዚየምን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካርቱም ተቀምጦ በነጭ ዓባይ ላይ ይመላለስ የነበረ ኢግናጺይ ክኖብለሃር የሚባል የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነበር፤ ሱዳኖቹ «አቡና ሱሌይማን» ይሉት ነበር። በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ካለው ከባሪ ሕዝብና ከሌሎች የሰበሰባቸውን ዕቃዎች በ1850 ለልዩብልያና ሰጠ፤ የሙዚየሙ የአፍሪካ ስብስብ መነሻ እሱ ነው። የጎረቤቶቻችን ጦርና ጌጥ እዚህ ድረስ እንዴት እንደመጣ ማሰብ ብቻውን ከተራ ጉብኝት ይለያል። ሰኞ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። የስሎቬኖች የባህል ቀን በሆነው የካቲት 8 (በነሱ አቆጣጠር) ግን ብዙዎቹ በነጻ ይከፈታሉ።

ምሽቱን የት ማሳለፍ ይሻላል?

ይህ በሰዉ ጠባይ ይወሰናል። ጩኸትና ዳንስ የሚወድ ወደ ሜቴልኮቫ ይሂድ። የዩጎዝላቪያ ጦር ካምፕ የነበረ ግቢ ነው፤ በ1993 ሕንፃው መፍረስ ሲጀምር ወጣቶችና አርቲስቶች ገብተው ያዙት፤ እስከ ዛሬም ክለብ፣ ጋለሪና ስቱዲዮ አድርገው ይዘውታል። ግድግዳው ሁሉ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ነው። ለእኔ ሜቴልኮቫ በቀን ይበልጣል፤ ጸጥ ሲል ሥዕሉን በደንብ ታያላችሁ፣ የብሔረሰቦች ሙዚየሙም እዚያው አጠገብ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጉዞ መጨረስ ይቻላል። ቅዳሜ ሌሊት ግን ሙዚቃው የሚጮህበት፣ መጠጥ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ያን የማይወድ ሰው በግድ አይሂድ።

በበጋ ከመጣችሁና አንድ ምሽት ላይ ገንዘብ ማውጣት ካሰባችሁ፣ ያ ምሽት ክሪዣንኬ ላይ ይሁን። የመስቀል ባላባቶች ገዳም የነበረውን ግቢ ፕሌችኒክ በ1950ዎቹ ወደ ክፍት ቲያትር ለወጠው፤ ከ1953 ጀምሮ ያለው የልዩብልያና ፌስቲቫል ብዙ ዝግጅቶቹን እዚያ ያቀርባል። በድንጋይ ግድግዳ ተከባችሁ፣ ውጭ አየር ላይ ሙዚቃ መስማት በሌላ ከተማ በቀላሉ የማይገኝ ነው። ቦታው ትልቅ ስላልሆነ የኋላ ወንበርም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ርካሹን ትኬት ያለ ሥጋት ግዙ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ ኦፔራውና ፊልሃርሞኒው (የከተማው ኦርኬስትራ) ክሪዣንኬን ይተካሉ። ከተማዋ የሙዚቃ ማኅበር ያቋቋመችው በ1701 ነው፤ ቤትሆቨንን የመሰለ ሰው እሱን በተካው ማኅበር የክብር አባል ነበር። ትኬቱ ከቪየና ጋር ሲወዳደር በጣም ይቀንሳል።

ዝናብ ከሆነ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ኪኖድቮር ሲኒማ አስቡ። ስሎቬኒያ ውስጥ ለአዋቂ የሚታይ ፊልም ድምፁ አይቀየርም፤ በመጀመሪያው ቋንቋ ይታይና ከሥር ጽሑፍ ይደረግበታል። ጀርመን ወይም ጣሊያን ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ፊልም በእንግሊዝኛ ታያላችሁ። በበጋ ደግሞ ግንቡ ግቢ ውስጥ በከዋክብት ሥር ፊልም ይታያል። ግንቡን በቀን መጎብኘትና በማታ ፊልም ማየት ከሚሉት አንዱን ምረጡ ብባል ያለ ማመንታት ፊልሙን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም በአንድ መውጣት ታገኛላችሁና። ጃኬት ብቻ አትርሱ።

ልጆች ካሉ ሮዥኒክ ሥር ያለው የእንስሳት ማቆያና የአሻንጉሊት ቲያትሩ ይበቃሉ። ቲያትሩ በስሎቬንኛ ቢሆንም ትንንሾቹ በእንቅስቃሴው ብቻ ይረካሉ።

ከከተማው መውጣት ይሻላል?

ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ አትውጡ። ሦስተኛ ቀን ካለ ሁሉም ብሌድ ሐይቅ ይላችኋል፤ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፣ ደሴቱም ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በእርግጥም ውብ ነው። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰዉ ይጨናነቃል። የፖስቶይና ዋሻ በትንሽ ባቡር ያስገባችኋል፤ ለልጆች ደስ ይላል፣ ትኬቱ ግን ውድ ነው። የእኔ ምርጫ ሽኮትስያን ዋሻ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ ወንዝ ከመሬት በታች ገደል ቆፍሮ የሚያልፍበት ቦታ። ከዲቫቻ ባቡር ጣቢያ በኋላ የተወሰነ ኪሎ ሜትር መራመድ አለው፤ ስለዚህ የብሌድን ያህል ሰው አይጎርፍበትም። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ግን ብሌድን ይያዝ፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ድልድይ ከውኃው በጣም ከፍ ያለ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ለእሁድ የሚሆን ምግብና ውኃ ቅዳሜ ግዙ። ስሎቬኒያ ውስጥ ትልልቅ ሱቆች እሁድ በሕግ ዝግ ናቸው፤ ገበያውም አይከፈትም። ካፌዎቹና ምግብ ቤቶቹ ክፍት ቢሆኑም፣ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ስትፈልጉ ነዳጅ ማደያና ባቡር ጣቢያ ያሉ ትንንሽ ሱቆች ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠሉ።